የመሪው ሽፋን

ዓርብ ከሰዓት ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ኤሌክትሪሺያኑ፣ ያገለገለች መኪና የገዛችው ሴትና መኪናዋን የሸጠላት ታላቅ ወንድሟ ነበሩ። ሴትየዋ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ያልነበራትን የሬዲዮ መቆጣጠሪያ መሪው ላይ ልታስገጥም ነበር የመጣችው።

"ወንድም ጋሼ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የያዛት፤ አንድ ቀን እንኳ አልተጫረችም" አለች።

"ለሬዲዮ ብለሽ ደህናውን መሪ ታስፈቺያለሽ?" አለ ወንድምየው። ግንባሩን ላብ አቸፍችፎት ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ ባትሪውን ነቀለና የመሪውን ሽፋን በቀስታ አነሳ። ግጭት ሲደርስ ተነፍቶ ነጂውን የሚያድነው ኤርባግ ቦታው ላይ የለም። በምትኩ አሮጌ ፎጣ ተጠቅጥቋል። ቀና ሲል ከወንድምየው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

"ዝጋው" አለው ወንድምየው በሹክሹክታ። "በኋላ እኔ አስገጥምላታለሁ።"

"አላለቀም እንዴ? ልጆቼ ከትምህርት ቤት ወጥተው እየጠበቁኝ ነው" አለች ሴትየዋ ከጋራዡ በር ላይ ሆና።

ኤሌክትሪሺያኑ ፎጣውን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው። ከዚያ መቆጣጠሪያውን ገጥሞ ሽፋኑን መለሰና ባትሪውን አገናኘ። ሬዲዮው ሠራ።

"ና ግባ፣ ወንድም ጋሼ፣ ላድርስህ።"

"ተይኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ" አለ ወንድሟ።

ሴትየዋ የሬዲዮውን ድምፅ ጨምራ ልጆቿን ልታመጣ ሄደች።