የወረቀት ባል

ስልኩ ሲከፈት ብቅ ያለው የልጇ የመቅደላዊት ፊት አይደለም፤ የልጅቱ ባል የቶማሽ ነው። ዙፋን ሦስት ቀን ሙሉ ስትደውል ልጇ አላነሳችም፤ ዛሬ ደግሞ ስልኳን የያዘው ኸዋጃው፣ ፈረንጁ አማቿ፣ ነው። እጅጌው እስከ ክርኑ ተሰብስቧል፤ ሸሚዙ ከደረቱ ረጥቧል።

"ልጄስ? መቅዲስ የት አለች?"

ቶማሽ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያንሾካሹካል። ግን ይህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ኢንተርኔት በሰዓት የሚሸጥበት የአደም ሱቅ ነው፤ የጀነሬተሩ ጩኸት እንኳን ሹክሹክታ ነጎድጓድም አያሰማም።

"ምን ይላል?" ትላለች አምሳለ፣ ሰሊጥ አብራት የምታርም ጎረቤቷ፣ አንገቷን አስግጋ።

"ምኑን ሰማሁትና!"

"እኔስ ብዬሽ ነበር። ወረቀት ነው ያገባችው ብዬሽ ነበር። ወረቀት ደግሞ ይቀደዳል።"

ዙፋንም ይችን ነገር ሰሞኑን ለብቻዋ ስታመነዥካት ሰንብታለች። መቅደላዊት ካርቱም ላይ የሕክምና ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ስታደርስ ጦርነቱ በጠሰባት። ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ወርዳ፣ የውሃ ቧንቧ ሊዘረጋ ለመጣው ለዚህ ፖላንዳዊ አስተርጓሚ ሆነች። ተጋቡና ይዟት ሄደ። እዚያም የዜጋ ሚስት ናትና እንደ አገሩ ልጅ ተቆጥራ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባች፤ እንደገና ከአንደኛ ዓመት፣ በማታውቀው ቋንቋ። "ልጄ ከሀ ከጀመረች እኔስ ምን አንሶኝ?" ብላ ነው ዙፋንም በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፊደል መቁጠር የጀመረችው። ትዳሩ ከፈረሰ ግን ትምህርቱም አብሮ ይፈርሳል።

ቶማሽ ከስልኩ ፊት ዞር ይልና ወረቀት ይዞ ይመለሳል። የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ ፊደሉን የምታስቆጥረው መቅደላዊት ናት። ፊደሎቹ እንደ ሰከረ ሰው ወዲህና ወዲያ ያዘነበሉ ናቸው።

ዙፋን ጣቷን የስልኩ መስታወት ላይ ታስኬዳለች። "እ...ማ...ማ። እማማ! ፈ...ተ...ና። ጨ...ር...ሳ። ተ...ን...ታ...ለ...ች።"

"ተንታለች?" አምሳለ ደረቷን ትይዛለች። "ተንታለች የሚሉት በሽታ ደግሞ ምንድን ነው?"

ዙፋን ደግማ ታነባለች፤ ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ልትጀምር ስትል የፊደል አስተማሪዋ የመምህር መልአኩ ድምፅ ይመጣባታል። "ን ቆብ ስትደፋ ኝ ትሆናለች፤ ቆቧን አትንፈጓት።" እሷም ስንት ጊዜ ነፍጋታለች፤ ክፍሉ ስንት ጊዜ ስቆባታል።

"ተኝታለች!" ሳቁም እንባውም አንድ ላይ ያመልጣታል። "ቆቧን ረስቶባት ነው እንጅ፣ ፈተና ጨርሳ ተኝታለች ነው የሚለው!"

ደብተሯን ከጉያዋ አውጥታ ገጹን ሙሉ ኝ ትጽፍና ለስልኩ ታሳየዋለች። ቶማሽ ግንባሩን ይመታል። እስክሪብቶውን አንስቶ ለ'ን' ቆብ ይደፋላትና መልሶ ያሳያታል፤ እርማት እንደሚጠብቅ ተማሪ።

ከዚያ ስልኩን ያዞረዋል። መቅደላዊት ጠረጴዛው ላይ፣ እንደ ጡብ የወፈረ መጽሐፍ ተንተርሳ ተኝታለች። ትከሻዋ ላይ የወንድ ጃኬት አለ። ጫማዋን አውልቆላት ከወንበሩ ሥር ጎን ለጎን አስቀምጦታል። ምሳዋ በሰሃን ተከድኖ ይጠብቃታል። በሩ ላይ ነጩ የሐኪም ካፖርቷ ተሰቅሏል፤ ገና አሁን መታጠቡ ነው፣ ከእጅጌው ውሃ ይንጠባጠባል።

ዙፋን የረጠበውን ሸሚዝ ታስታውሳለች።

"እሱ ነው የሚያጥብላት?" ትላለች አምሳለ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ያ ኻላ፣ ኸምስ ደጋይግ!" ይላል አደም ከወዲያ፤ አክስቴ፣ አምስት ደቂቃ ቀርቷል ማለቱ ነው።

"በይ እንጅ አስቀስቅሻት! ድምጧን ሳትሰሚ ልትሄጅ ነው? አንች እኮ ስታለቅሽ ነው የሰነበትሽው" ትላታለች አምሳለ።

ቶማሽም የገባው ይመስላል፤ ከጎኗ ብቅ ብሎ እጁን ወደ ሚስቱ ትከሻ ይሰዳል። ዙፋን መዳፏን ዘርግታ "ቆይ!" ትለዋለች። ታጎነብሳለች። ማጭድ የለመደው እጇ እስክሪብቶውን ጨብጦ ይታገላል፤ ይህን የሚያህል ቃል ጽፋ አታውቅም። ጨርሳ ደብተሩን ታነሳለች።

አትቀስቅሳት ልጄ

ቶማሽ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ በአንድ ይለቅማል። የመጀመሪያውን ሲጨርስ እጁን ከትከሻዋ ይሰበስባል። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቃሉን ያውቀዋል። ወደ ተኛችው ያመለክታል፤ እሷን ነው? እንደማለት።

ዙፋን አይደለም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ጣቷን ታነሳና መስታወቱ ላይ፣ ልክ የእሱ ግንባር ላይ፣ ታሳርፈዋለች።