እማዬ ዕቃ ስታነሳ

ልጅቱ እናቷን አስመስሎ በማሳየት ማንም አይደርስባትም ነበር፤ ሰፈሩን በሳቅ ስትገድል ነው የከረመችው። ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ እናትየው «ኧረ ደህና ነኝ፣ ትንሽ ድካም ነው» እያለች ሐኪሙን ስታስቸግረው፣ ልጅቱ የሐኪሙን እስክሪብቶ ከጠረጴዛው አንስታ ወለሉ ላይ ጣለችና ጀርባዋን እንደ ሳንቃ አድርቃ፣ እጇን ጭኗ ላይ ተክላ፣ ቁጢጥ ብላ አነሳችው። «እመቤቲቱ ዕቃ ስታነሳ!»

ሐኪሙ አልሳቀም። «እንዲህ ማንሳት ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

«ዓመት!» አለች ልጅቱ ደረቷን ነፍታ።

ተነስቶ የእናትየውን ጀርባ መሀሉ ላይ በጣቱ ጫን ቢያደርገው፣ ጮኸች። «አከርካሪዎን ቲቢ እየበላው ይመስለኛል፤ ዛሬውኑ ራጅ ይነሱ። መድኃኒት አለው፤ ከዘገየ ግን እግርዎ ይከዳዎታል።»

ልጅቱ እስክሪብቶውን እንደጨበጠች ቀረች። «እማዬ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

እናትየው ዞር ብላ አየቻት። «ዓመት ሙሉ ሰፈሩን ስታስቂ የከረምሽው በምኔ መስሎሽ ነው?»