ሁለት ሰው የሚፈልግ ሥራ

ወለሉ ላይ የሚዘረጋው የማሞቂያ ቧንቧ በመጨረሻው ዙር ላይ ታጠፈ። ታርሞ ተንበርክኮ ሲጎትት፣ ከኋላው የቧንቧውን ጥቅል ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅለት ሰው ስላልነበረ፣ ነጩ ፕላስቲክ ተፈናጥሮ በሩ ጥግ ላይ እጥፍ አለ።

"ኧረ በለው!" አለ ታርሞ ብቻውን።

ቀትር ላይ ቧንቧውን የሚሸፍነውን ኮንክሪት የጫነው መኪና ከካያኒ ከተማ ይመጣል። ዛሬ ካልፈሰሰ ቀጣዩ ተራ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ኮንክሪቱ ደርቆ በቧንቧው ውስጥ ሙቅ ውሃ እስኪለቀቅ ደግሞ አንድ ወር ይፈልጋል፤ የገና በዓል እስከዚያ ቆሞ አይጠብቅም። ልጁ ሚርካ ቁርጡን ነግራዋለች። "አባዬ፣ ልጄ ኤሲ መዳህ ጀምራለች። በዚያ በረዶ ወለልህ ላይ አላስድሃትም። ለገና ከሞቀ እንመጣለን፣ ካልሞቀ ግን ይቅርብን" ብላዋለች። ታርሞ የልጅ ልጁን እስካሁን ያያት በስልክ ብቻ ነው።

ሥራውስ አዲስ አይደለም፤ ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ሲገጥም ኖሯል። የታጠፈ ቧንቧ ይድናል። በሙቅ አየር መንፊያ ቀስ ብለው ሲያሞቁት ነጭነቱ ጠፍቶ እንደ ብርጭቆ ይጠራል፣ እጥፋቱም በራሱ ተነፍቶ ክብ ይሆናል። ታርሞም ጥቅሉን በሲሚንቶ ከረጢት አስደግፎ ማሞቅ ጀመረ። መጥራት ጀምሮ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ከረጢቱ ተንሸራተተ። ጥቅሉን ልያዝ ብሎ ዘወር ሲል ሙቁ አየር አንድ ቦታ ላይ ቀረና ቧንቧው ጠቆረ። የተቃጠለ ቧንቧ ደግሞ አይድንም፤ ተቆርጦ ይቀጠላል እንጂ።

ቆረጠው። ጫፉን በማስፊያ መሣሪያው አስፍቶ መገጣጠሚያውን አስገባ፤ ሌላኛውን ጫፍ ግን ተመልሶ ሳይጠብብ ማድረስ አለበት፤ ያለው ጥቂት ሴኮንድ ነው። አንዱን ጫፍ በጉልበቱ ተጭኖ ሞከረ። ጥቅሉ እንደ ግትር ጥጃ ወደ ኋላ ሳበበት። የተበላሸውን ጫፍ ቆርጦ ደገመ። አሁንም አመለጠው። ከዚህ በኋላ አንዴ ብቻ ነው የሚቆርጠው፤ ከዚያ ወዲያ ቧንቧው ያጥርበታል።

ስልኩ ጮኸ፤ የኮንክሪት መኪናው ሾፌር ነው።

"አንድ ሰዓት ቀርቶኛል። ዝግጁ ነዎት?"

"ዝግጁ ነኝ" አለ ታርሞ።

"ስንት ሰው ሆናችሁ ነው የምታስተካክሉት? ቶሎ ነው የሚደርቀው እኮ።"

"በቂ ነን" አለና ዘጋው። ማንን አይቶ ነው "ነን" ያለው? ፊቱ ጋለበት።

በዚያ መንደር ጣሪያ የሚወጣው፣ ጀልባ የሚጎተተው፣ ድንች የሚለቀመው በደቦ ነው። የተጠራ ሰው አካፋውን ይዞ ይመጣል፤ ያልተጠራ ግን አጥር አያልፍም፣ ሰውን መናቅ ይሆንበታል። ታርሞ ደግሞ ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ ማንንም ጠርቶ አያውቅም። 'ለምን ሰው ላስቸግር' ይላል። የጎረቤቱ የሬይዮ ሚስት ራውኒ በፋሲካ ስትሞት እንኳ ካርድ ልኮ ዝም ነው ያለው፤ ማን ጠራውና ይሄዳል! ይህን ሲያስብ አፈረ። እንዲህም ሆኖ በሩ ላይ ቆሞ ብዙ ጊዜ ፈጀ።

"ሬይዮ!" ብሎ ጮኸ በመጨረሻ። ድምፁ ተሰነጠቀበት።

ስሙን ጠርቶ ሳይጨርስ የማዶው ቤት በር ተከፈተ። ሬይዮ ቦት ጫማውን ተጫምቶ፣ ጓንቱን አጥልቆ ወጣ።

"ምን ሆንክ?"

"ቧንቧ... እስቲ ያዝልኝ።"

"ተመስገን! እኔማ ሬሳህን ከቧንቧው ፈትተን የምናወጣ መስሎኝ ነበር።"

ሬይዮ ጥቅሉን አቅፎ ተቀመጠበት። ታርሞ ጫፉን ቆረጠ፣ ከፈተ፣ ገፋው። ቧንቧው መገጣጠሚያውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። የቀረውን ዙር አንዱ እየለቀቀ፣ ሌላው ከፌሮው ጋር እያሰረ ዘረጉት። አየር ሞልተው የግፊት መለኪያው ላይ አፈጠጡ። አሥር ደቂቃ ሙሉ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ታርሞ ቅጥያው ከኮንክሪቱ ሥር ሲቀር ቦታው እንዳይጠፋ ከግድግዳው ስንት እንደሚርቅ ለክቶ በወለሉ ንድፍ ላይ ጻፈ። ወለሉ ለገና እንደሚደርስ ያኔ አመነ።

"አንተ፣ ጓንቱን መቼ አጥልቀኸው ነው?" አለ።

"ማክሰኞ። ቧንቧውን ሲያወርዱልህ አይቼ።"

"ታዲያ አትመጣም ነበር?"

"መች ጠራኸኝ!"

ታርሞ ሳቀ። ሬይዮ ጓንቱን አውልቆ ጣቶቹን ማፍተልተል ጀመረ።

"እኔም ቤት አንድ ነገር አለ" አለ ቀስ ብሎ። "የራውኒ ቁም ሳጥን። ከላይ ማውረድ ነበረብኝ፣ ደረጃው ጠባብ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ እንደቆመ ነው።"

"ከፋሲካ ጀምሮ?"

"ሰው ላስቸግር ብዬ ነው?"

መንገዱ ላይ የኮንክሪት መኪናው እያጓራ መጣ። ሁለቱም አልተነሡም።

"ነገ ጠዋት እናወርደዋለን" አለ ታርሞ። "ባዶ ነው አይደል?"

"አይ" አለ ሬይዮ፣ የራሱን ቤት የላይኛውን መስኮት እያየ። "ልብሷ አለበት። እሱን ማውጣትም ብቻዬን አልሆነልኝም።"