ጠበሉና ላጲሱ

ሊጠግን የተጠራው ሞቲ ኮምፒውተሩን የሸፈነውን ዳንቴል ሲያነሳ እጁ ረጠበ። ቀና ብሎ እማማ ወርቅነሽን አያቸው። «ምን ላድርግ ልጄ፣ አልበራ ሲለኝ ጎረቤቴ ቫይረስ ገብቶበታል ብትለኝ ጠበል ረጨሁበት» አሉት፣ በነጠላቸው አፋቸውን ከልለው። ሳቅ ተናነቀው። ግን የሟች ባለቤታቸው ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ መሆኑን ቀድመው ነግረውት ነበርና ሳቁን ዋጠው። «እማማ፣ መቼም ክርስትና አላነሡትም?» አለና ክዳኑን ፈታ።

እግዜር ይስጠው፣ ዳንቴሉ ውሃውን ጠጥቶ አስቀርቶታል። ውስጡን የሞላው የሰፈራቸው የቱሉ ዲምቱ አቧራ ነበር። ሞቲ አቧራውን በብሩሽ ጠረገ፤ ሜሞሪ የሚባለውን ቀጭን ሰሌዳ ነቀለና የቆሸሸ ጫፉን በላጲስ አሸት አሸት አድርጎ መለሰው። ማብሪያውን ሲጫን እማማ ወርቅነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስክሪኑ ቦግ አለ። ልጃቸው የአባቷን ድምፅ የቀዳችበትን ፋይል ፈልጎ ከፈተው። መጀመሪያ ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎ የሽማግሌ ድምፅ፤ «ወርቄ፣ ኧረ በሩን ዝጊው፣ ብርዱ ፈጀኝ እኮ!»

እማማ ወርቅነሽ ብድግ ብለው ሄዱና በሩን ዘጉት። እጃቸው መዝጊያው ላይ እንዳለ ትንሽ ቆዩ። ምን እንዳደረጉ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። እንባቸው እየወረደ፣ ፊታቸው እየሳቀ ዞሩ።

«አየህ ልጄ፣ ጠበሉ ሠራ! ያንተንም እጅ ይባርክልኝ።»

ሞቲ ላጲሱን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተና ጎንበስ አለ።

«አሜን፣ እማማ» አለ።