ባዶ የለመደ እጅ

አረጋሽ ጾሟን የገደፈችው በወተት አልነበረም፤ በጆሮዋ ነው።

በዳላስ ዳርቻ፣ ዋይሊ ውስጥ አንድ የቲቤት ሽማግሌ ትጦራለች። ሎብሳንግ ይባላሉ፤ በደህናው ዘመን የቡድሃ ፍልስፍና ያስተምሩ ነበር። ለኩላሊት እጥበት በሚሄዱበት ቀን እሷ ሥራ አትገባም። በሌላው ቀን እሷ እግራቸውን ታሻለች፣ እሳቸው ያስተምሯታል። ሳትጠይቃቸው ረቡዕና ዓርብ ሻይዋን ያለ ወተት ያቀርቡላታል። ጨዋ ሰው ናቸው።

ትምህርታቸው፣ በራሱ የቆመ ነገር የለም ነው። ሲኒው ሲኒ የሆነው በሸክላው፣ በሠሪው፣ በስሙ ነው፤ እነዚህን ብትነሺው የራሴ የሚለው የለውም፣ ባዶ ነው። ይህን በማስረዳቱ ላይ ግን ሁለት ቤቶች ተጣልተዋል። አንደኛው የራሱን ማስረጃ አቁሞ ይከራከራል። ሁለተኛው የራሱ አቋም የለውም፤ የባላጋራውን ቃል ተቀብሎ እስከ ጫፉ ይከተልና በገዛ አፉ ይጥለዋል።

እንደናንተ ቅኔ ቤቶች፣ እንደ ዋድላና ጎንጅ ቁጠሪያቸው አሏት። ያላነበቡት የለ ብላ አለፈች።

ክፋቱ ትምህርቱ ጣማት። ቅዳሴ ላይ ቃጭል ሲመታ እንኳ፣ ድምፁ የነሐሱ ነው ወይስ የመቺው እያለች ታሰላስላለች። ቅዳሜ ደግሞ የአክስቷን ልጅ የቃልኪዳንን ሕፃን ክርስትና ልታነሳ ነው። ቃልኪዳን የመረጠቻት በሃይማኖት እንዳንቺ የጸና የለም ብላ ነው። ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳቻት። ባዶ የለመደ እጅ ሕፃን ያቅፋል?

ረቡዕ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቷን አስቀረቻቸው። አባ ገብረመድኅን እንደ ብዙዎቹ የዳላስ ካህናት ሌላ ሥራም አላቸው፤ የቫን ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተው መስቀላቸውን አወጡ። ተንበርክካ ሁሉንም ዘረገፈችው። የሽማግሌውን ስም ብቻ አልጠራችም፤ ጣጣ እንዳይመጣባቸው ፈርታ።

 

«አባቴ፣ ክርስትናውን ሌላ ሰው ያንሳ። እኔ አልበቃም።»

«በራሱ የቆመ ነገር የለም ነው ያልሽኝ?»

«እንደሱ ነው የሚሉት።»

«አምነሻል?»

«አምኛለሁ።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ይሁን፣ በቃልሽ እንሂድ። ካመንሽው፣ ኃጢአትሽ ብቻ እንዴት በራሱ ቆመ?»

አረጋሽ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

«ካላመንሽውስ፣ ምን በደልሽ?»

 አባ መስቀሉን አሳለሟትና ሰዓታቸውን አዩ።

«በይ፣ ቅዳሜ ልጅሽን እቀፊ። እኔም ነገ መምህር ሎብሳንግን ከኩላሊት እጥበቱ ስመልሳቸው፣ ሁለተኛው ቤት ገና ዛሬ ገባኝ እላቸዋለሁ።»