ቤት ያልመታ ሙሾ

አልቃሿ የሟችን ጋሻና ጠመንጃ አሞግሳ ስትጨርስ ለቀስተኛው ሁሉ ደረቱን መታ። ቀጥሎ ተራው የሚስቲቱ ሆነ። ዳንግላ ተማሪ ቤት የዋለች፣ ግጥም ትጽፋለች እየተባለች የምትታማ ልጅ ነበረች። የባሏን ፈረስ ልጓም እንደያዘች በአገውኛ ጀመረች።

«ዛሬ ጧት ፈረስህን ውኃ አጠጣሁት። አንተ ሞተህ እኔንም ጠማኝ። ከሱ ጋር ጎንበስ ብዬ ጠጣሁ።»

ሰዉ እጁን አንስቶ ግጥሙ ቤት እስኪመታ ጠበቀ። አልመታም። የተነሡት እጆች እንደተነሡ ቀሩ።

«እቱ፣ ሙሾ እኮ እንዲህ አይደለም፤ ቤት አይመታም» አለቻት አልቃሿ ጠጋ ብላ።

«አውቃለሁ» አለች ሚስቲቱ። ልጓሙን አለቀቀችም፤ አንገቷንም አልደፋችም። «ሞቱን ላሳምርለት አልፈልግም።»

ያኔ የሟች እናት ከተቀመጡበት ተነሡ። መጥተው የፈረሱን አንገት ዳበሱ።

«እስካሁን የተለቀሰው ለጀግና ነው» አሉ። «ልጄን ያለቀሰችልኝ ይቺ ናት። በይ ድገሚው።»

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ስትጨርስ አሮጊቷ ብቻቸውን ደረታቸውን መቱ። ሁለተኛውን ሲመቱ ሜዳው ሁሉ ተከተላቸው።