ያልታረደ ሥጋ

ዓለሚቱና ፈይሩዝ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዷ ስታምጥ ሌላዋ ወገቧን ይዛለች፤ አንዷ ሐዘን ስትቀመጥ ሌላዋ እንግዳ አስተናግዳለች። ሥጋ ባለበት ገበታ ግን አብረው ቀርበው አያውቁም። ክርስቲያን ያረደውን ፈይሩዝ፣ ሙስሊም ያረደውን ዓለሚቱ አትቀምስም።

አንድ ሰኞ ትሁት የምትባል ተመራማሪ በየቤቱ የታሸገ ሥጋ አደለች። ከበሬ በተወሰደ ሕዋስ፣ በቤተ ሙከራ የለማ ሥጋ ነው። የምታጠናው ስያሜውን ነበር። ለከፊሉ ሰው «ከሕዋስ የለማ ሥጋ» የሚል፣ ለከፊሉ «ያልታረደ ሥጋ» የሚል እሽግ ሰጠች። የመጀመሪያው የደረሳቸው አብዛኞቹ ሳይከፍቱ መለሱት። ለፈይሩዝ ሁለተኛው ደረሳት።

«አጥንት የለውም፤ ቢላም አልነካውም» አለቻት ትሁት።

ፈይሩዝ ወዲያው በግድግዳው በኩል ተጣራች።

«ዓለሚቱ! አራጅ የሌለው ሥጋ መጣልን! አሁንስ ምን ታመካኛለሽ?»

«አራጅ ከሌለውማ ያንቺም የኔም ነው። ስንት ዘመን ሽታውን ብቻ ስታበዪኝ ኖርሽ! ለእሑድ ሥሪው፤ በርበሬው ላይ እንዳትሰስቺ ብቻ።»

ከረቡዕ ጀምሮ በሰፈሩ መብራት ጠፋ። ከፈይሩዝ ማቀዝቀዣ ሥር ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር።

እሑድ ወጡ ቀረበ። ማሸጊያው፣ ስያሜው በግልጽ እንዲታይ ሆኖ፣ ከገበታው አጠገብ ተቀምጧል። ዓለሚቱ አማትባ ጎረሰች። ፈይሩዝ ጉርሻዋን ይዛ ቆየች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያም ዓይኗን ጨፍና ዋጠች።

«ምነው እቴ፣ ኮሶ ነው እንዴ የምትውጪው?» ዓለሚቱ ሳቀች።

ሳቋን ሳትጨርስ ጥርሷ አንዳች ጠጣር ነገር ነከሰ። አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረችው። ስባሪ አጥንት ነበር።

«ፈይሩዝ፣ ይሄ የታረደ ነው?»

ፈይሩዝ ባሏ ወደተኛበት ጓዳ በፍርሃት ተመለከተች።

«ቀስ በይ በአላህ። ክፉ ነገር አላበላሁሽም።»

«የታረደ ነው ወይ አልኩሽ?»

«ነው።»

ዓለሚቱ እጇን ሳትታጠብ ተነሣች።

«ጽሑፉን አምኜ፣ አንቺን አምኜ! ማተቤን አስበጠስሽኝ!»

ለንስሐ አባቷ ተናግራ ቀኖና ተቀበለች። ፈይሩዝ ደጋግማ ደጇን አንኳኳች፤ አልተከፈተላትም። ግድግዳውም ዝም አለ።

ቀኖናዋን የፈጸመች ዕለት ዓለሚቱ ሥጋ ልትገዛ፣ በሩ ላይ መስቀል ወደተሳለበት የሽመክት ልኳንዳ ቤት ሄደች። ሽመክት እየመዘነ የጎረቤቷን ነገር አነሣ።

«ያኔ መብራት በጠፋበት ሳምንት፣ ቅዳሜ መጥታ ሥጋ ቁረጥልኝ ብትለኝ፣ ‹እሜቴ፣ ይሄ ክርስቲያን ያረደው ነው› አልኳት፤ ‹ለዚሁ ብዬ ነው የመጣሁት› አለችኝ።»